የማን ልበለው?

ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭነው ባለሱቅ ሰውየውን መጀመሪያ ያየው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው። ኮቱ ቢነትብም በካውያ ተተኩሷል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ዘፈን በጣቶቹ ምት እየመታ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ልጫንልዎት አባባ?»

«አይ ልጄ፣ እኔ ጋ አለ። ዘፋኙ ብለህ የጻፍከው ግን ሌላ ሰው ነው። ስሙን ብቻ ብታስተካክልልኝ።»

«የማን ልበለው?»

ሰውየው መታወቂያውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ፊደሉን እንዳትስት።»

ባለሱቁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሳያስፈቅድ መውሰዱ ሳያንስ፣ በተሳሳተው ስም ለስንቱ እንደጫነ አያውቀውም። ከመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል እያየ አስተካከለ። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።