ሳይበሉ ያደሩ ዓሦች

ሽማግሌው ሰፈርተኛው ያወጣላቸውን «የዓሣ ሞግዚት» የሚል ስም አልጠሉትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው፣ እጃቸው መፍቻ አልጨብጥ ሲላቸው ልጃቸው ዓሣ ወደምታረባበት ግቢ ገቡ። ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበትን ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው መኖው ላይ ይረጩና ይበትናሉ። ዱቄቱን «የሆድ ዘበኛ» ይሉታል። «ደጉ ወንበሩን ከያዘ ክፉው የት ይቀመጣል?»

ዘበኛው ብቻውን ግን አልቻለም። ባለፈው የሙቀት ወራት በሽታ ገብቶ ዓሦቹ ዓይናቸው እየፈጠጠ፣ እንደ ሰካራም እየተሽከረከሩ አልቀው ከአራት ገንዳ ሦስቱ ባዶ ቀረ። ዘንድሮም ከደገማት ልጅቷ ግቢውን ከመዝጋት በቀር መላ የላትም። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይመጣ ልታስከትባቸው ቆረጠች። መርፌው የሞላ አንጀት እንዳይወጋ ዓሦቹ ከዋዜማው ጀምሮ ምንም መቅመስ የለባቸውም።

«አባባ፣ ዛሬ እጅህን ሰብስብ፣ እሺ?»

«ሰምቻለሁ፣ እመቤት!»

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሙ አንዱን ዓሣ አደንዝዞ መዳፉ ላይ ገለበጠው። ሆዱ ተነፍቷል።

«ይሄ ሰርግ ቤት ነው እንዴ ያደረው?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። ሽማግሌው የገንዳውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ይፍቁ ጀመር።

«ትንሽ ነው... አፋቸውን ከፍተው ሲመጡብኝ ጊዜ...»

«ዓሣ እኮ ሁሌም አፉን ይከፍታል፣ አባባ!»

«አጥቼው ነው? እናትሽ ግን መጨረሻ ላይ እምቢ አለች። ማንኪያውን ይዤ ስለምናት ከንፈሯን ገጠመች። ከዚያ ወዲህ የተራበ ሳይ አልችልም።»



«የክትባቱን ብልቃጥ ገና አልከፈትኩትም» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ነገ እመለሳለሁ። ነገ ካመለጠን ግን ሙቀቱ ይቀድመናል።»

ያን ቀን ሽማግሌው ከገንዳው አልራቁም። ጥላቸው ውሃው ላይ ባረፈ ቁጥር ዓሦቹ እየተጋፉ ይመጣሉ፤ እሳቸውም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይቀብራሉ። ልጅቷ ምሳ ብታመጣላቸው ሳህኑን ገፉት።

«እነሱ እያዩኝ?»

«እነሱ ምን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ሳህኑን ከድና አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ እናቷ አወሩ፤ እንደ ወንድ ስታፏጭ ጎረቤት እንዴት ይሣቀቅ እንደነበር እያነሱ ሣቁ።

ጠዋት የዓሦቹ ሆድ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው እጃቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ የደነዘዘውን ዓሣ አንድ በአንድ ያቀብላሉ፤ ሐኪሙ ይወጋል፤ ልጅቷ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትለቃለች። በጎኑ የተንሳፈፈው ዓሣ ቀና ብሎ እስኪዋኝ ድረስ ሽማግሌው ሌላ አያነሱም።

«አባቴ፣ እንዲህማ ከሆነ ይመሽብናል!» አለ ሐኪሙ።

«ይምሽ!»

የመጨረሻው ተወግቶ ሲያበቃ ሐኪሙ መርፌውን እየሰበሰበ ሽማግሌው የገንዳውን ጠርዝ ተደግፈው ሲቀመጡ አየ።

«እርስዎስ ምን ቀምሰዋል?»

«እሱም ከነሱ ጋር ሳይበላ ነው ያደረው» አለች ልጅቷ። «እኔም።»