ጉሙ እስኪገለጥ

ባለፈው ሳምንት ከጓደኞቼ ጋር የመንዝን ተራራ ስንወጣ፣ የረገጥነው ጦስኝ ሲሸተኝ አያቴ ትዝ አሉኝ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልፈተን ከእሳቸው ጋር በእግር ወደ ዘመሮ ከተማ ስሄድ፣ ገደል አፋፍ ላይ ድንገት ጉም ዋጠን። አያቴ እጄን ይዘው ጦስኙ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባባ፣ ይነሱ እንጂ! ፈተናው ያመልጠኛል» ብዬ አለቀስኩ።

«እኔም መንገዱ ጠፍቶኛል፣ ልጄ። እስኪገለጥ የተማርሽውን ንገሪኝ» አሉ።

በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ምድር እንደምትዞር ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኛ ለምን አንወድቅም?» ሲሉኝ ሳቄ መጣ።

ማስረዳት ስጀምር ጉሙ ሳሳ፤ መንገዱም ታየን። እየተጣደፍን፣ እኔም እያስረዳሁ፣ ደወሉ ሳይደወል ደረስን።

«የቀረውን ስትወጪ ትነግሪኛለሽ» ብለው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲቀመጡ ዛሬም ይታየኛል።