ምስክርና ወረቀቱ

ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከደሞዝ ጸጉር ቤት ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ድምፅ እንዳይገባ እንዳይወጣ። ከበሩ ትይዩ ምስማር አለ። እዚያ ምስማር ላይ ድሮ የእመቤታችን ሥዕል ነበረች። በኋላ ግን ወረቀት ተሰቀለበት። በመስተዋት የታሰረ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ጥጉ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ያለው የወርቅ ማኅተም የተመታበት ወረቀት።

የክፍሏ ባለቤት ምስክር ይባላል፤ ሥራው ዘፈን መቅዳትና ማቀናበር ነው። እናቱ ከማንኩሳ ገጠር ሊጠይቁት የመጡ ዕለት ማኅተሙን አዩና ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረብ አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ሳሙት።

«የማን ሥዕል ነው ልጄ፣ ይሄ ጨረሩ ያማረው?»

«ሥዕል አይደለም እማ። ሰርተፊኬት ነው። የሙዚቃ ሶፍትዌር ባለሙያ መሆኔን ይመሰክራል።»

«እመቤቴንስ የት አደረግሃት?»

«ከኮምፒውተሩ ኋላ አለች።»

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ደሞዝ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። መላጫውን እንደያዘ ለደንበኛው «የምስክር ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ወረቀቱ የምስክር፣ ምስክር ደግሞ የወረቀቱ!» አለ። በቃ፣ ስም ወጣለት። ባጃጅ ነጂው ሁሉ «ወረቀቱ፣ ወዴት ነህ?» ይለው ጀመር።

ምስክር ወረቀት ሳይኖረው ምስክር ነበር። ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ፕሮግራሙ ሳይገዛ በፍላሽ ተገልብጦ የመጣ፣ የማይኩ እግር በጎማ የተጠፈረ ነበር። ጆሮ ግን ነበረው። ልጅ ሆኖ የማንኩሳን ወፍጮ ከሩቅ ይሰማና «ቀበቶው ሊበጠስ ነው» ይል ነበር፤ ይበጠሳልም። ድምፅ ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል። እሱ የቀዳቸው የሠርግ ዘፈኖች ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየባጃጁ ይጮሃሉ፤ ማን ቀዳቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ችግሩ የመጣው በፍቅር ነው። ቡሬ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ያምሮት የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ አያ ገብረሰንበት ከቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ የሚያመርቱ ሰው ናቸው፤ ቀረርቷቸው አገር ያውቀዋል፣ ነገራቸው ደግሞ ሰምና ወርቅ ነው። ምስክር ደሞዝንና የንስሐ አባቱን መምሬ ኪዳነ ማርያምን ሽማግሌ ላከባቸው።

«ለመሆኑ የልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አያ ገብረሰንበት።

«ሙዚቃ ያቀናብራል» አሉ መምሬ፣ ትንሽ አፈር ብለው።

«አዝማሪ ነው አይሉኝም፣ መምሬ?»

«ኧረ እንዲያ አይደለም አያ» አለ ደሞዝ፤ «እሱ አይዘፍንም። ሌላው ሲዘፍን ነው የሚቀዳው።»

«እንግዲያማ ከአዝማሪም ያንሳል! አዝማሪ ቢያንስ በራሱ ጉሮሮ ነው የሚያድረው።»

ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ይቺ ቃል ምስክርን አንገበገበችው። አዝማሪ የሚለውን ስም የሚፍቅለት ነገር ሲፈልግ ስልኩ ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘ፤ ተማሩ፣ ተፈተኑ፣ ዓለም ያወቀው ባለሙያ ሁኑ የሚል። ኔት አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት በሚጠፋበት አገር የኢንተርኔት ፈተና ሊፈተን ባሕር ዳር ሄዶ ከአክስቱ ልጅ ቤት ሰነበተ። ጥያቄው ሁሉ የትኛውን ቁልፍ ብትጫን የትኛው መስኮት ይከፈታል፣ ከምት የወጣ ድምፅ በምን መሣሪያ ወደ መስመሩ ይመለሳል የሚል ነበር። ይህን ዘፈን ስማው፣ ያምራል ወይ የሚል አንድም አልነበረበትም።

«ታዲያ ይሄን ጆሮውን ቤቱ ጥሎ የሄደም ያልፈዋል እኮ!» አለ ደሞዝ፣ ሲነግረው።

«አንተ ምላጭ ምን ታውቃለህ?»

«እሺ ንገረኝ። ምን ይጠቅምሃል?»

«ባለሙያ መሆኔን ያሳያል።»

«ለማን?»

«ለሚያየው ነዋ።»

«እኔ አየሁት፣ ማንበብ አቃተኝ። እናትህ አዩት፣ ተሳለሙት። አያ ገብረሰንበት ቢያዩት ደግሞ በርበሬ ያሰጡበታል።»

«አልተማርክም፣ አልፈርድብህም።»

«እውነትህን ነው፤ የምላጭ ሰርተፊኬት የለኝም። ግን እስከዛሬ የሰው ጆሮ ቆርጬ አላውቅም።»

ምስክር አልሰማውም። ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር አይሰማም። ድሮ የቀዳቸውን ዘፈኖች «ይሄማ የጀማሪ ሥራ ነው» ብሎ ናቃቸው። አንድ ዕድሜ ልኩን ማሲንቆ የመታ ሰውዬ ሊቀዳ ቢመጣ «አባባ፣ ከመስመር ወጥተዋል» ብሎ ከስክሪኑ ላይ በጣቱ አሳየው። ሰውዬው ስክሪኑን አየ፣ ምስክርን አየ፣ ማሲንቆውን አንግቶ ወጣ። ምስክር ከኋላው «ኋላ ቀር!» አለ።

ከዚያ ሽማግሌ እንደገና ተላከ። አሁን ግን ወረቀቱም አብሮ ሄደ። ደሞዝ በጋቢ ጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ መስተዋቱን አዩና የሟች ፎቶ መሰላቸው።

«ነፍስ ይማር። ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«ገና አልሞተም እናቴ» አለ ደሞዝ፤ «ልንድረው ነው።»

መምሬ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ።

አያ ገብረሰንበት ወረቀቱን ተቀብለው ከፊትም ከኋላም አዩት። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«ይሄን የፈረመው ማነው?»

«የድርጅቱ ኃላፊ ነው፤ ውጭ አገር ነው ያለው» አለ ደሞዝ።

«ምስክርን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«ሲሠራስ አይቶታል?»

«ኧረ አላየውም አያ።»

«ወይ ጉድ! እኛ አገር ያላየ ሰው ቢመሰክር ዳኛ ያስረዋል። እነሱ አገር በመስተዋት ያስሩታል ማለት ነው።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። መምሬም ሳቁ፤ ሽማግሌ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ዝም አሉ። አያ ገብረሰንበት ግን ወረቀቱን መለሱና እንዲህ አሉ፦

«ይሁን። ወንዱን ልጄን በጥር እድራለሁ። ሙሽራዋን ይዞ ሲገባ መፎከር አለብኝ፤ ጉሮሮዬ ግን ዳስ ሙሉ ሰው ላይ መጮህ አይችልም። እዚህ ይምጣና ቀረርቶዬን ይቅዳ፤ በዚያ በሞንታርቦው ያስጩኸው። ካማረ ልጄን ይውሰድ። ካላማረ ወረቀቱን ይውሰድ።»

ምስክር ማይኩን ይዞ ሄደ። አያ ገብረሰንበት ከጎታው አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለቀቁት፦

«አንበሳው በዱሩ ብቻውን ያጓራል፣
የገብሬ ወገኑ በሩቁ ይፈራል!»

መጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ፈን በጥርሳቸው ነክሰው ያዟት። ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ እፍፍፍ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ነው ራ ላይ የወደቁት። ቀረርቶው ያለው እዚያች ላይ ነው። ጠበቅ ስትል ሰው ሁሉ ይፈራዋል ማለት ነው። ላላ ካለች ግን እሱ ራሱ ፈሪ ነው። ይህን ጎጃም ውስጥ አፉን የፈታ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምስክርም ያውቀዋል።

ያምሮት በር ላይ ቆማ ክንዷን አሻሸች። «ጠጉሬን አቆመው። ምስክር፣ በእናትህ እንዳትነካው። እንዳለ ይሁን» አለችው ሹክ ብላ።

«አይዞሽ፣ ትንሽ አጸዳዋለሁ እንጂ።»

«ምን ቆሽሾ?»

ምስክር ፍኖተ ሰላም ክፍሉ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ወረቀቱ ከግድግዳው ያየው ጀመር። ድምፁ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ፈ እንደ ሣር ተንጨባርራ ታየችው። ሥልጠናው እንዲህ ያለውን የትንፋሽ ድምፅ ቆሻሻ ነው፣ ይጠረግ ይላል፤ ጠረገው። ራ ከምቱ ዘግይታ ነበር፤ ጎትቶ መስመሩ ላይ አስቀመጣት። በሁለቱ ፊደላት መሀል የቀረውን ትንፋሽ ቆረጠ። ከበሮ ጨመረ፤ ስንኙም ደጋግሞ እንዲመለስ አደረገ። ዓይኑን አልጨፈነም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ጆሮው የት እንደነበረ እግዜር ይወቅ። ሲጨርስ ሁሉም ነገር እንደ ሰልፈኛ ተደርድሮ አየና «ፕሮፌሽናል!» አለ፣ ለራሱ።

በጥር ሠርጉ ሆነ። ዳሱ ሞልቷል። ሙሽራዋ ከነወገኖቿ ስትገባ ሕዝቡ ተነሣ፤ አያ ገብረሰንበት ጋቢያቸውን ጥለው ዱላቸውን አነሡ። ምስክር ከሞንታርቦዎቹ አጠገብ ቆሞ ያምሮትን በዓይኑ ፈለጋትና ቁልፉን ተጫነ።

«አንበሳው በዱሩ ብቻውን ያጓራል፣
የገብሬ ወገኑ በሩቁ ይፈራል!»

ላልቶ። ጥርት ብሎ፣ በከበሮ ታጅቦ፣ ላልቶ። ይህ ቤት ገና ከሩቅ ሲያይ የሚሸሽ ፈሪ ነው ብሎ ሞንታርቦው ለቡሬ አወጀ።

አያ ገብረሰንበት ዱላቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ከሙሽራዋ ወገን አንዲት አሮጊት ጮክ ብለው «ልጄ፣ እውነተኛ ቤት ገባሽ! ፈሪ ነን ብለው በራሳቸው አፍ ይናገራሉ!» አሉ። ሳቁ ከዚያ ጀመረ። ምስክር ለማጥፋት ማውሱን ሲያተራምስ ስንኙ ተመለሰ፤ ይፈራል። አሁን ሚዜዎቹም ሳቁ። እንደገና ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ደሞዝ ገመዱን ከሶኬቱ መዞ ጣለው።

አያ ገብረሰንበት አልጮሁም። ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ ምስክር ዞሩ።

«ልጄን ለአዝማሪ አልሰጥም ብዬ ነበር። አጥፍቻለሁ። ምነው አዝማሪ በሆንክ! አዝማሪ ጆሮ አለው።»

ምስክር ዕቃውን ሲሰበስብ የረዳው ሰው የለም። ያምሮትም አልመጣችም። «እንዳትነካው ብዬህ ነበር» የሚል መልእክት ብቻ ላከችለት። ሚኒባሱ ማንኩሳን አልፎ ፍኖተ ሰላም እስኪገባ ደሞዝ አንድም ቃል አልተናገረም። ደሞዝ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው።

ቀናት አለፉ። ወረቀቱ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ወርቁም አልደበዘዘም። አንድ ቀን ምስክር መስተዋቱ ላይ የራሱን ፊት አየና ይሄን ፊት ጠላው። ወረቀቱን አውርዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እመቤታችንን ከኮምፒውተሩ ኋላ አውጥቶ አቧራዋን ጠረገና ወደ ምስማሯ መለሳት። ከዚያ ያልነካውን፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ። እፍፍፍ ብላ ፈ መጣች፣ ጠጉሩ ቆመ። «አህያ!» አለ፤ ማንን እንዳለ ራሱ ያውቃል።

በነጋታው ብቻውን ቡሬ ሄደ። አያ ገብረሰንበት በርበሬ መሬት ላይ አስጥተው እያገላበጡ ነበር። ቀና ብለውም አላዩት። ምስክር ራቅ ብሎ ቆመ፣ ስልኩን አወጣና ለቀቀው። ሽማግሌው በርበሬውን ማገላበጥ ተዉ።

«ማነው ይሄ?»

«እርስዎ ነዎት አያ። ሳልነካዎት።»

እስኪያልቅ ሰሙት። ከዚያ ቆሎ ተማሪ እንደሚጠይቅ የኔታ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«አንት፣ እስቲ አላልተህ በለው።»

«ይፈራል።»

«ማን?»

«እኔ።»

«አጥብቀህስ?»

«ይፈራል።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋን ምስክር ያውቀዋል። አያ ገብረሰንበት ወደ በርበሬያቸው ዞሩ።

«ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ ላክ። ያን መስተዋት ግን አሁኑኑ ላክልኝ፤ በርበሬዬ አፈር እየነካው ተቸግሬአለሁ።»

ምስክር ይህን ለደሞዝ ሲነግረው ደሞዝ የአንድ ሰው ጢም ግማሹን ላጭቶ ነበር። መላጫውን አጥፍቶ ወደ ምስክር ክፍል ገባ፤ ከግድግዳው ሥር ወረቀቱን አነሣና በጋቢው ጠቀለለው።

«እሰይ!» አለ፤ «በመጨረሻ ሥራ አገኘ።»