የድምፅ ማጉያው ማግኔት

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። የሕክምና ቦርዱ ሰብሳቢ በልብ ምርመራ ክፍላችን ቆመው የታካሚዬን የልብ ምት የመዘገበውን የኢሲጂ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «መሣሪያው ይሠራል፤ ውጭ አገር የሚያስኬድ ምክንያት የለም» አሉ።

ታካሚዬ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ነበሩ። ልባቸውን የሚያስመታው ፔስሜከር ከደረታቸው ቆዳ ሥር የተቀበረው ከዓመታት በፊት በውጭ አገር ነው፤ ባትሪው ሲደክም እዚህ የሚተካላቸው አልነበረም። ያለ ቦርዱ ውሳኔ ደግሞ የመውጫ ቪዛ አይታሰብም።

ሰብሳቢው ያዩት ስሕተት አልነበረም። በወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ቀጭን የመሣሪያ ምልክት ቀጥሎ ልባቸው መትቷል። ይህ ግን የዛሬን እንጂ የነገን አይናገርም። የባትሪውን ድካም የሚገልጠው፣ ማግኔት በመሣሪያው ላይ ሲያርፍ የሚታየው የምት ፍጥነት ነው። የክፍላችን ማግኔት ከጠፋ ቆይቷል። በምሳ ሰዓት ግን መገናኛ ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ፣ ከተቃጠለ የቀበሌ ድምፅ ማጉያ የተፈታ አንድ ማግኔት ይዤ መጥቼ ነበር።

«ይፍቀዱልኝ፤ እዚሁ ላሳይዎ» አልኩ።

መምህርቷ አልጋው ላይ እንደተጋደሙ ብረቱን አዩት። «የቀበሌው ነው? ለስብሰባ ሲጠራኝ ኖሮ ደግሞ ደረቴ ድረስ መጣ?»

«ዛሬ እንኳ አይጮህም፣ መምህርት።»

ማግኔቱን አስቀመጥኩ። ከኢሲጂው በሚወጣው ወረቀት ላይ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ፤ ፍጥነቱ መምህርቷ ከመሣሪያው ጋር በተሰጣቸው ካርድ ላይ ካለው በግልጽ ወርዷል።

«ባትሪው እያለቀ ነው» አልኩ።

«ሄደው ቢቀሩስ፣ ጓድ ዶክተር? ዋስ ትሆኛለሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«የት ልቀር ነው?» አሉ መምህርቷ ከአልጋው። «ድመቴን ለማን ትቼ!»

የሰብሳቢው ጥያቄ የሕክምና አልነበረም፤ እኔም የሕክምና መልስ አልሰጠሁትም። «እሆናለሁ። ይህን አንብበን ብንከለክላቸው ግን ለሕይወታቸው ዋሱ ማን ነው?»

ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሰብሳቢው አዲሱን ወረቀት አጥፈው ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ቦርዱ ወሰነ፦ መምህርቷ ይሂዱ፤ ዋሳቸው እኔ ልሁን፤ በውዳቂ ብረት የሚደረግ ምርመራ ግን በክፍሉ እንዳይደገም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ውሳኔዎች ፈረምኩ። ከሦስተኛው ትይዩ «አልስማማም» ብዬ ጻፍኩና ማግኔቱን ለሚቀጥለው ታካሚ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።