አረንጓዴውን ማን አስጠጋው?

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ ከቃሪያ የምፈጨውን ዳጣዬን ብለው ከሩቅ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረችና አንድ ቀን መጥታ፣ «አክስቴ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን አንቺ ቤት ልሠራው ነው» አለችኝ።

«ስለ ምን? ስለ ሽንኩርት ልጣጭ?»

«ቀልጂ አንቺ። የገጠር ሰው አረንጓዴ ዳጣ፣ የከተማ ሰው ቀይ ይወዳል ትዪ የለ? እሱን ልፈትነው ነው።»

ፈተናው ካይ ስኩዌር ይባላል። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ሰው ያደገበት ቦታና ምርጫው ካልተያያዙ፣ ከገጠር ሰዎችም ከከተማ ሰዎችም አረንጓዴውን የሚመርጡት ድርሻ ተቀራራቢ ነው የሚሆነው። ልዩነቱ በአጋጣሚ ከሚመጣው በጣም ከበዛ ግን ዝምድና አለ ያሰኛል። የኔ ሥራ ሁለቱን ሳህን መሃል ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። እሷ ጥግ ትቀመጥና እንግዳው በልቶ ሲጨርስ የት እንዳደገና የቱን እንደወደደ ጠይቃ ትጽፋለች።

አስቀመጥኩ። ግን እጄ አርፎ አይቀመጥም። ከጉኑኖ ወይ ከቢጠና ገጠር የመጣ ሰው ሲሆን አረንጓዴውን ጠጋ አደርግለትና «በሞቴ፣ ይቺን ቅመስልኝ» እላለሁ። ለከተማው ሰው ደግሞ ቀዩን። መስተንግዶ ነው፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ልጅቷ አቀርቅራ ስለምትጽፍ አላየችኝም።

ውጤቱ ሲወጣ እየሮጠች መጣች። «ተያይዟል! በደንብ ተያይዟል!»

«አላልኩሽም?» ብዬ እልል አልኩ።

ከዚያ አንድ የቢጠና ሽማግሌ፣ የድሮ ደንበኛዬ፣ መጡ። ልጅቷ አልነበረችም፤ እኔም ሥራ በዝቶብኝ ሁለቱንም ዳጣ ፊታቸው ጥዬ ዞርኩ። ስመለስ ቀዩን ጠራርገውታል።

«አባባ፣ እርስዎ የአረንጓዴው ሰው አይደሉም እንዴ?»

«እኔ? አንቺ ነሻ በሞቴ እያልሽ የምታበዪኝ! ባለቤቷ ያስጠጋችልኝን ትቼ የወዲያኛውን ወደድኩ ልበል? ነውር አይደለም?»

እሳቸው ሳቁ። ልጅቷ ስትጽፈው የከረመችው የሰዎቹን ምርጫ ሳይሆን የኔን እጅ ነበር ለካ።

ጽሑፉን ልታስረክብ ጥቂት ነበር የቀራት። እናቷ ለምረቃው ቀሚስ አሰፍታላታለች። ዝም ብል ማን ያውቃል? አልኩ። ምሳ ልትበላ ስትመጣ ግን ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ ሥጋውን ብቻ እጨምርላታለሁ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ምነው ሥጋው በዛ? ምን አጥፍተሽ ነው?»

ነገርኳት፤ ስለ ሽማግሌውም፣ ስለ እጄም። የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ሳህኑን አስቀምጪ ብቻ ነበር እኮ ያልኩሽ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አማካሪዋን ጊዜ እንዲጨምሩላት ለመነች። ተመልሳ መጥታ ሽርጤን አሸረጠች፤ እኔን ጓዳ አስቀመጠችኝ። ሳንቲም እየወረወረች የትኛው ሳህን በቀኝ እንደሚሆን ትወስናለች፤ ታስቀምጣለች፤ ምንም ሳትናገር ዞር ትላለች። በዚህኛው ዝምድና አልተገኘም። ሁለቱንም ውጤት ጻፈች፤ የመጀመሪያው ለምን እንደተበላሸም «የአስተናጋጇ ግፊት» ብላ ጨምራ አስረከበች።