ጎንበስ ብዬ ያላየኋት ሞተር

ባለፈው ሳምንት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ያረጀ የጃፓን ሞተር ሰማያዊ ጭስ እየተፋ አለፈ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ያን የተቃጠለ ዘይት ሽታ እየማግሁ ሞተሩን በዓይኔ ስከተል ታክሲው አመለጠኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ከአንድ የጃፓን ሞተር ፋብሪካ የመጣ ካታሎግ እጄ ገባና አበድኩላችሁ! ትንሿ ሃምሳ ሲሲ፣ መቶዋ፣ ለኮረኮንች የተሠራችው መቶ ሃያ አምስት፣ እስከ ትልቋ ሰባት መቶ ሃምሳ ድረስ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። መንዳት እንኳ በቅጡ አልችልም፤ ግን ማን ይቻለኝ? መካኒኮቹ «ፕሮፌሰር» ይሉኝ ጀመር። እያሾፉብኝ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ጋሼ ወልዴ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አድራሽ ነበሩ። የሚነዷት አሮጌ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚቀዳላት ዓይነት ስለነበረች የዘይት ጠርሙስ ከእጃቸው አይጠፋም። ያኔ ለቡ ገና እርሻ ነው። በጥቅምት ከዚያ ሲመለሱ ከደብዳቤ ቦርሳቸው የባቄላ እሸት ያወጡና «እንካ ብላ፣ አንተ አጥንት ብቻ!» ይሉኛል። እወዳቸው ነበር።

አንድ ቀን ሌላ መሥሪያ ቤት ሲጠቀምባት የቆየች የዚያው ፋብሪካ መቶ ሲሲ ተዛውራ መጣችላቸው። መካኒኮቹ ምሳ ወጥተዋል። ጋሼ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ይቺስ እንዴት ናት ልጄ? ልደባልቅላት?»

ካታሎጉ ላይ ያለችው መቶ ለብቻው የዘይት ጋን አላት፤ ዘይቱን ራሷ ትስባለች። ፋብሪካው ግን ጋን የሌላት ርካሽ መቶም እንደሚሠራ አውቃለሁ። ለመለየት ጎንበስ ብሎ ጎኗን ማየት ነው፣ አለቀ። ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ መታየት ግን ውርደት መሰለኝ።

«ኧረ ጋሼ! ይቺ ዘመናዊ ናት፣ ራሷ ትችላለች። ጠርሙስዎን ይጣሉት!» አልኳቸው።

«ተመስገን፣ ከዚህ ጣጣ ተገላገልኩ» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ወደ ለቡ ሲወርዱ ፒስተኑ ዘይት አጥቶ ግሎ ተጣበቀ፤ የኋላ ጎማው ቀጥ አለና ጋሼ ወደቁ። ከሰዓት በኋላ ክንዳቸው ተላልጦ፣ አቧራ ለብሰው፣ ሞተሯን እየገፉ ግቢ ገቡ። ያን ጊዜ ነው ጎንበስ ብዬ ያየሁት። ጋን የላትም።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ የመንግሥት ንብረት ማበላሸት የዋዛ ጥፋት አይደለም፤ «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች፤ የተለጠፈችበትን ሰው እግዜር ይሁነው።

«ጓድ ወልዴ፣ ያለ ዘይት ንዳ ያለህ ማነው?» አለ የስብሰባው ሊቀመንበር።

ጋሼ አንዴ አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። አፌን ብከፍት የሚጠብቀኝ እስር ቤት ታየኝ።

«ማንም አላለኝም፣ ረስቼ ነው» አሉ።

ሞተር ተከልክለው፣ ደመወዛቸው ዝቅ ብሎ፣ የበር ጥበቃ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍቱልኝ እሳቸው ነበሩ። «ደህና አደርክ ልጄ?» ይሉኛል፣ እንደ ድሮው። ስንት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቆርጬ መጣሁ፤ ሁልጊዜም «እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፌ ገባሁ። ጡረታ እስኪወጡ እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም አረፉ።

ልጅ ነበርኩ፣ ዘመኑም ክፉ ነበር ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን ደርግም ወድቆ፣ የሚያስፈራኝም ጠፍቶ፣ በገዛ ቤቴ በዓል በመጣ ቁጥር እያሳቅኩ የማወራው አንድ ጨዋታ አለኝ፤ ዘይት ረስተው ሞተር ስላቃጠሉ አንድ ደብዳቤ አድራሽ። ባለፈው ፋሲካ ለልጅ ልጆቼም አወራሁላቸው። «ምን ዓይነት ሞኝ ሽማግሌ ናቸው!» አለች ትንሿ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።