መኪና የሚጭን መኪና

ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ የምለጥፍባት ደጅ አለችኝ። ጎሚስታ ስለሆንኩ የሰው ክፉ ቀን የኔ እንጀራ ነው፤ ሚስማር የረገጠ ሁሉ ወደኔ ይመጣል። ስለዚህ ጎረቤቴ ኡሙሃኒ «የተበላሸ መኪና እየጫንኩ እኖራለሁ» ስትል መሳቅ አይገባኝም ነበር። ግን ከሰው ሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ኡሙሃኒ መናኸሪያው በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሻይ ሸጣለች። አባቷ ሲሞቱ ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ ለበድረዲን አንድ አሮጌ አይሱዙ ትተውላቸው ነበር። በድረዲን የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ አይሱዙው ከሽንኩርት ሌላ የሚሸከመው ነገር አለ ብሎ አያምንም። እሷ ግን ከሻይ ብርጭቆዋ ኋላ ቆማ ስትታዘብ የኖረችው ሌላ ነው። ከቆቦ እስከ ጎብዬ አስፋልት ዳር የቆመ መኪና አይጠፋም፤ ባለቤቱ ገመድ ይለምናል፤ ገመዱ ይበጠሳል፤ ከዚያ ያዋሰውን ሰው ይሰድባል። «እኔ ብጭነውስ?» አለች። ወልድያ ተመላልሳ መንጃ ፈቃድ አወጣች። የአይሱዙውን የጎንና የኋላ ስፖንዳ አስነቅላ ጠፍጣፋ የብረት ወለል አስበየደች፤ ሁለት መወጣጫና በእጅ የሚጠቀለል የብረት ገመድ፣ ካቦ፣ ገዛች።

በድረዲን ብልጥ ሰው ነው፤ አልጮኸም፤ ቀን ብቻ ቆረጠላት።

«እስተ አረፋ አንድ መኪና፣ አንድ ብቻ፣ ጭነሽ ካየሁ አይሱዙው ያንቺ ነው። ድርሻዬንም አልጠይቅ። አለዚያ ስፖንዳው ይመለሳል፤ ሽንኩርት ይጫናል፤ አንቺም ወደ ሻይሽ።»

ይህን ያለው በኔ ደጅ፣ በኔ ዱካ ላይ ተቀምጦ ስለሆነ ምስክሩ እኔ ነኝ። አረፋ ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

መቼም መኪና ያለ ጥቅስ አይሄድም። እዚህ ባጃጁ እንኳ ጀርባው ላይ የሆነ ምክር ለጥፎ ነው የሚዞረው። ኡሙሃኒም ጽሑፍ ጸሐፊውን ካሊድን ጠራችው። አሥራ አንድ ዓመት ጆሮዋ ላይ የተጮኸው የተራ አስከባሪው ቃል ነው፤ «ተራ ጠብቁ! ተራ!» ለእሷ ከዚህ የበለጠ የሥርዓት ቃል የለም። ሀብታምና ድሃ ሳትለይ ሁሉንም እንደ አመጣጡ እንደምታስተናግድ ማስታወቋ ነው። ካሊድም በመኪናዋ ግንባር ላይ በቀይ ቀለም፣ በሚያምር እጁ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «ሁሉም ተራውን ይጠብቃል»።

እስቲ አስቡት። የሞተ መኪና ልትሸከም የተሠራች፣ ወለሏ እንደ ቃሬዛ የተዘረጋ መኪና ከፊት ለፊታችሁ ስትመጣ ግንባሯ ላይ ይህ ተጽፎ። ሾፌር ደግሞ በገድ ያምናል። ጠዋት ባዶ እንስራ የተሸከመች ሴት አይቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ይህን አይቶ ምን ይሁን? ገብረ ማርያም የሚባል የሲኖትራክ ሾፌር ሦስት ጊዜ አማተበ። ሙስሊሞቹ «አዑዙ ቢላህ» እያሉ መስኮት ዘጉ። በሳምንቱ የመኪናዋ ስም «ቃሬዛዋ» ሆኖ ቀረ። ስሙን ማን እንዳወጣው ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ።

አንድም ሰው አልጠራትም። ሮቢት ላይ ሞተሩ ነክሶ የቆመበት የሚኒባስ ባለቤት ሁለት ቀን ሙሉ ጥላ ፍለጋ መኪናውን ሲዞር ዋለ እንጂ አልደወለላትም። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ስም በማውጣቴ አፈርኩ፤ አዘንኩላትም።

«እቴ፣ ይችን ጥቅስ አስጠፊያት» አልኳት። «ሰው የሞት ወረፋ መስሎታል።»

«ሞት የሚል ፊደል የታለ አያ ታረቀኝ? አንተስ ጎማ ስትለጥፍ ተራችሁን ጠብቁ ትል የለ?»

«የኔ ተራ የጎማ ነው።»

«የኔም የመኪና ነው። የፈራ በእግሩ ይሂድ።»

እልኸኛ ናት። እንዲህ ትበል እንጂ አረፋ በቀረበ ቁጥር፣ ደንበኛ እስኪመጣ ብላ ያልተወችውን ሻይ ከብርጭቆው ውጪ ትቀዳው ጀመር። ወደ ሻይ መመለሱን እንደምትፈራ የጠጣነው ሁሉ እናውቅ ነበር።

ለአረፋ ሦስት ቀን ሲቀር፣ በገበያ ቀን፣ ከቀትር በፊት ስልኬ ጮኸ። በድረዲን ነው። ከጎብዬ ሁለት የአረፋ በጎች ገዝቶ በራሱ ፒክአፕ ሲመለስ፣ ሮቢትን እንዳለፈ አንዱ የፊት ጎማ ቡሎኖቹ ተቆርጠው ከሱ ቀድሞ ሄደ። ቀድሞም የገባው ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው። ጎማውን ያሰርኩለት እኔ እንዳልሆንኩ ግን ይታወቅልኝ።

«ገመድ ይዘህ ድረስልኝ» አለ።

«በሦስት ጎማ የቆመ በገመድ አይሳብም። የሚጭነው ነው የሚፈልግ።»

«የሚጭን ሰው የለም?»

«አለች» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ከዚያ የኡሙሃኒ ስልክ ጮኸ። እኔ ሻይ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ጨርሶ እስኪናገር አዳመጠችውና ድምፅዋን ሳትቀይር «ወንድምዓለም፣ ተራህን ጠብቅ» አለችው። ከፊቱ ማንም አልነበረም። ለሁለት ሰው ሻይ ቀዳች፤ ብርጭቆዎቹን አጥባ ደፋች፤ ከዚያ ቁልፏን አነሳች። እኔም ሥራዬን ዘግቼ ጋቢና ገባሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጥም።

ስንደርስ የሽንኩርቱ ማሳ ገበሬዎች ጎማውን እንደ እንግዳ ከበው ይስቃሉ። የወደቀውን ጎን እነሱ ተሸክመው፣ እኛ ካቦውን ጠቅልለን፣ ፒክአፑን ጎትተን ጫንነው። በጎቹ አንወርድም ስላሉ አብረው ተጫኑ። በድረዲንን ጋቢና ና ብንለው «እዚያ ጽሑፍ ሥር አልቀመጥም» ብሎ ከላይ፣ የራሱ ፒክአፕ መሪ ኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ጎንበስ ቢል የማይታይ መስሎት ነበር።

ቆቦ ስንገባ ገበያው አስፋልቱን ሞልቶታል። ኡሙሃኒ የፈረስ ጋሪ እየቀደማት ነው የምትነዳው። ሰው ከየሱቁ ወጣ። ከላይ በጎቹ ይጮኻሉ፤ በድረዲን ጎንበስ ማለቱ ሰልችቶት ቀና ባለ ቁጥር ሰላምታ ይቀርብለታል። ከገበያው መሀል አንዱ «የበድረዲን ተራ ደረሰ!» ብሎ ጮኸ፤ ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ያ ገብረ ማርያም ራሱ ሲኖትራኩን አቁሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው ደግሞ አንዴ የሳቀበትን ነገር መልሶ መፍራት ይቸግረዋል።

ደጄ ላይ ስናወርደው በድረዲን በጎቹን እየጎተተ ወደኔ ዞረ። «ያልኩትን ሰምተሃል» አለ። ሰምቻለሁ አልኩ። ወደ እህቱ ሳያይ «መኪናው ያንቺ ነው» አላትና ሄደ። እሷ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ግን ከጋቢናው አልወረደችም።

ላደንቃት ተጠጋሁ። «አንቺ ሸረኛ፣ በገበያው መሀል እንደ ሙሽራ አጅበሽ አዞርሽው። በቀል ማለት ይህ ነው።»

ያኔ ነው እጇን ያየሁት። ከመሪው አልላቀቅ ብሏታል።

«የምን በቀል አያ ታረቀኝ» አለች እያለቀሰች። «መኪና ጭኜ ስነዳ ገና ዛሬዬ እኮ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ማስገባት አቅቶኝ ነው እንዲያ ቀስ ያልኩት። ብጥለውስ? ተላይ ያለው ወንድሜ ነው።»